አደይ ያልሰጡትን ይቅርታ ያወራሁ ጊዜ

ውጭ አገር፣ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር ስኖር ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ኤርትራዊት ሙስሊም እናት ነበሩ፤ በትግርኛ "እናቴ" ለማለት አደይ እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው ካርቱም ውስጥ በጠብ መሀል በጩቤ ተወግቶ ሞተባቸው። ገዳዩ ጥፋተኛ ተብሏል። እዚያ ግን በእስልምናው ሕግ የሟች ወራሽ "ይሙት" ካለ ይሞታል፣ "ምሬዋለሁ" ካለ ይተርፋል። ልጁ አላገባም፣ አባቱም በሕይወት የሉም፤ ነገሩ አደይ አፍ ላይ ቀረ።

ዳኛው አልቸኮሉም። ለአደይ አንድ ሼህ መደቡላቸው፤ ሼሁ ከዚያ በየሐሙሱ ጠዋት ይደውላሉ፣ ስለ ፍርዱ ሳይሆን ስለ ሟቹ ሊጠይቁ። "ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኮሙኑ፣ የሰጠኝ የሥነ ልቦና ሐኪም እንቅልፌን ይጠይቀኛል፣ ሼሁ ደግሞ ልጄ ሲስቅ እንዴት እንደነበር" ይሉኝ ነበር አደይ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የሰው ጭንቅ ስሰማ ለጸሎት ቡድናችን ማቅረብ ልማዴ ነው። "ይቅር እንዲሉ እንጸልይላቸው" አልኩ። ወሬው ሲዞር ቅርጹን ቀየረና ከቡድናችን ሴቶች አንዷ አደይን ሊፍት ውስጥ አገኘቻቸው፤ "እናቴ፣ ይቅር ብለውታል አሉ፣ ተባረኩ" አለቻቸው።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ አደይ ቁርጣቸውን ለሼሁ የሚነግሩበት ሐሙስ። ወሬው እሳቸው ጋ መድረሱን ሰምቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፈቱና መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

"አንቺ፣ የልጄን ደም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሽው?"

"አደይ፣ ለጸሎት ብዬ እኮ ነው።"

"አሁን ብምረው ማን ይቅር አስባላቸው ይባላል? እናንተ። እንግዲያው ይሙት እላለሁ።"

በእኔ ምላስ ሰው ሊሰቀል ነው። ስልኩ ጠራ።

"ግቢ፣ ተቀመጪ። አፍሽን ግን እንዳትከፍቺ።"

ዓረብኛ አልችልም። ከሼሁ ጋር ትንሽ አወሩ፤ ከዚያ የወጣት ድምፅ መጣ። ገዳዩ እስረኛ መሆኑ ገባኝ። አደይ አንድ ነገር ጠየቁት። መለሰላቸው። በመጨረሻ አደይ ሁለት ቃል ተናግረው ስልኩን ዘጉ።

"ልጄ ሲወድቅ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት" አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። "'ጫማዬን አውልቁልኝ አለ፣ እኔ አወለቅሁለት' አለኝ። ጫማውን ከዚህ የላክሁለት እኔ ነኝ። እግሩን ጠብቦት ነበር። ማንም አልነገረኝም።"

"እና... አደይ?"

"ማርኩት። በጸሎታችሁ እንዳይመስልሽ።"

"አይመስለኝም።"

"ሴቶችሽ ቢጠይቁሽስ?"

"ወደ እርስዎ ልላካቸው?"

"አትላኪያቸው። ደክሞኛል" አሉና ተነስተው በሩን ከፈቱልኝ።