ድምፅ ቆጣሪዋ ዴልፊን ሚሾ

የሴንት ኦመር ልጆች በሙሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከዴልፊን ሚሾ ጭልፋ በልተን ነው ያደግነው። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። አጭር፣ ደንዳና ሴት ነበረች። ፀጉሯን በመረብ ሰብስባ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ስትቆም ርእሰ መምህሩ እንኳ ሰልፉን ጠብቆ ነበር የሚያልፈው።

ወላጆቿ ድንች ገበሬዎች ነበሩ። በእኛ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሰሜን ጫፍ የድንች ለቀማ ሲደርስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ለቀማው ሲያልቅ ልጆች ይመለሳሉ። ዴልፊን አሥራ አምስት ዓመት በሞላት ጊዜ አባቷ ታመሙና ከማሳው ወደ ክፍል ሳትመለስ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ጋዜጣ በማንበብና ሰው ሲያወራ ጆሮዋን ጥላ በመስማት ነው።

አንድ ቀን አካባቢያችንን በግዛቱ ሴኔት የሚወክሉት ሚስተር ፔቲንጊል ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው የዶሮ ሾርባዋን ሁለት ጊዜ አስጨምረው ጠጡ። ሲወጡ ዴልፊንን እጇን ይዘው፣ ለልጆች ሁሉ ምሳ በነፃ ይሰጥ የሚለው ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ እንደሚደግፉ ቃል ገቡላት። ለእሷ ይህ ተራ ወሬ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ "አልራበኝም" እያሉ መጸዳጃ ቤት የሚደበቁትን ልጆች በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ረቂቁ ወደቀ። እሷም ሰውየው ታግለው የተሸነፉ መስሏት ስታዝንላቸው ከርማ፣ በዓመቱ ከአንዲት መምህርት እውነቱን ሰማች። ፔቲንጊል ድምፃቸውን የሰጡት በተቃውሞ ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ሬጂ ቴሪዮ ሱቅ ገባችና አንድ ወፍራም ደብተር ገዛች። ሬጂ ምስማርና አካፋ፣ መጋዝና የበረዶ ጫማ የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው። ማታ ባሏ ኦሬል ደብተሩ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ "ምላስ ያለውን ሰማን፤ እስቲ ደግሞ እጅ የሠራውን እንይ" አለችው።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ድስቱ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በግዛቱ ዋና ከተማ በኦገስታ ወደሚገኘው ወደ ሴኔቱ ጽሕፈት ቤት ትደውላለች። በሳምንቱ ምን ረቂቅ ቀረበ፣ የእኛ ሰው ደገፉ ወይስ ተቃወሙ ብላ ትጠይቃለች። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ መጠየቅ እንደሚቻል ግን በከተማችን ያወቀ አልነበረም። በመጀመሪያው ጊዜ ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊ የምትደውለው ለየትኛው ጋዜጣ እንደሆነ ብትጠይቃት፣ "ለወጥ ቤት ነው" ብላ መለሰችላት።

የሕግ ቋንቋ አትወድም። ሃያ ገጽ የሆነውን ረቂቅ በአንድ መስመር ነበር የምትጽፈው፦ "የታመመ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ቤቱ ይዋል፤ ተቃወሙ።" "ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የሚለቅ ፋብሪካ ራሱ ያጽዳ፤ ድምፅ ሲሰጥ አልነበሩም።" የደብተሩን ቅጂ ሬጂ በሱቁ መስኮት ላይ፣ በአካፋዎቹ መካከል ይለጥፍላታል። ሰዉ ምስማር ሊገዛ እየመጣ ቆሞ ያነባል። ሬጂ በሱቁ ሙሉ ሰው ፊት ይተርባት ነበር።

"ዴልፊን፣ የሚስቴንም ድምፅ መዝግቢልኝ እስቲ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተቃውሞ ሌላ አታውቅም።"

"ያንተን ሐሳብ ሰምታ የምትደግፍ ከሆነማ እሷን ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት" ትለዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ፔቲንጊል ለመመረጥ ቀርበው ወደቁ። በቦታቸው የተመረጠችው ኢንጋ ሃልግሬን ናት። ከእኛ በስተ ደቡብ ከሰፈሩት ስዊድኖች ዘር ስትሆን፣ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታይ ነርስ ነበረች። የምትለውን ፊት ለፊት ትላለች። የሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከፍ ይበል፣ የታመመ ይረፍ፣ ወንዙ ይጽዳ፣ ማንም ልጅ ሳይበላ አይማር አለች፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የሰጠችው ድምፅም እንደ ቃሏ ሆኖ በደብተሩ ሰፈረ። የልጆች ምሳ ሕግ በአንድ ድምፅ ብልጫ ያለፈ ዕለት ዴልፊን "ደገፈች" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች። በደብተሮቿ ሁሉ ውስጥ የተሰመረበት ቃል ያ ብቻ ነው። በማግስቱ ሾርባ ስትቀዳ ዓይኗ ቀልቶ እንደነበር አብረዋት የሠሩት ይናገራሉ። እሷ ግን ሽንኩርቱ ነው ብላ ነበር።

ፈተናው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኦሬል የማስታወስ ችሎታው ከድቶት ሚስቱን በእናቱ ስም ይጠራት ጀመር፤ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትንሽ የአረጋውያን ቤትም ገባ። ዴልፊን ጡረታ ወጥታ ስለነበር በየቀኑ በእግሯ እየሄደች ምሳውን ታበላዋለች። እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ቤቶች በየከተማው እየተዘጉ ስለነበር፣ እነሱን የሚደጉም ረቂቅ ሴኔት ቀረበ። ድጎማው የሚመጣው ግን ቤት ለቤት እየዞሩ ሽማግሌ ከሚያጥቡና ከሚያለብሱ ሴቶች ደመወዝ ተቀንሶ ነበር። ኢንጋ ሃልግሬን ተቃወመች። ረቂቁም በሁለት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ለምርጫው የቀረው አራት ሳምንት ነው።

ዴልፊን ይህን በስልክ ስትሰማ ደብተሯን ከፈተች። ከዚያ ጻፈች፦ "ለትንንሽ የአረጋውያን ቤቶች ድጎማ፤ ተቃወመች።"

መስኮቱ ላይ ሳይለጠፍ በፊት ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ የሴናተሯ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ፕሬስኮት የሚባል ባለ ክራባት ሰው ቤቷ መጣ። እኔም የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ላደርስላት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። በትሕትና ነው የጀመረው። ሴናተሯን በጣም እንደረዳች፣ ተቃዋሚው ቢያሸንፍ የልጆች ምሳ ሳይቀር እንደሚሻር፣ ስለዚህ ያቺን አንዲት መስመር ምርጫው እስኪያልፍ ብታቆያት ምንም እንደማይጎዳ ነገራት።

ዴልፊን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ እኔ ኢንጋን እወዳታለሁ" አለችው። "ባሌ ግን ያለው እዚያ ቤት ነው። በዚህች መስመር ከእኔ የበለጠ የተቃጠለ የለም። ለሷ ስል አንድ መስመር ከዘለልኩ ግን፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ወሬ ይሆናል።"

"ብትሸነፍስ፣ ማዳም ሚሾ?"

"ብትሸነፍ በእውነት ትሸነፋለች። አሁን ቡናህን ጠጣና ሂድ፤ መንገዱ በረዶ ሊሆን ነው።"

መስመሯ ተለጠፈች። ሰው በኢንጋ ተናደደ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከየት እንደታተመ ያልተጻፈበት ወረቀት በየፖስታ ሣጥናችን ገባ። ኢንጋ ሃልግሬን አረጋውያንን አምስት ጊዜ ከድታለች ይላል፤ ከዳች የሚልባቸውን አምስት ቀኖችም ደርድሯል። በዚያው ቅዳሜ ሴናተሯ በከተማው አዳራሽ ከሕዝብ ጋር ልትነጋገር ቀጠሮ ነበራት። አዳራሹ ጢም አለ።

ኢንጋ ስትናገር ማንም ሊሰማት አልፈቀደም። እናቱ ከኦሬል ጋር በአንድ ቤት ያሉ አንድ ገበሬ ወረቀቱን እያወዛወዘ፣ አምስት ጊዜ ነው የከዳሽን አላት። ኢንጋም አንድ ጊዜ ነው ብላ ልታስረዳ ሞከረች፤ ያመናት የለም። ይሄኔ ዴልፊን ከኋላ ደብተሯን ታቅፋ ተነሳች። ሬጂ ወንበር ሊያቀብላት ቢል በእጇ መለሰችውና መነጽሯን አደረገች።

"ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቀኖች አንብብልኝ" አለችው ገበሬውን።

አነበበ፤ ዴልፊንም ደብተሯን እየገለጠች ለእያንዳንዱ መለሰችለት። የመጀመሪያው ቀን ሴኔቱ በገና ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ድምፅ አልተሰጠም። ሁለተኛው ስለ አደን ፈቃድ ነበር። በሦስተኛው ኢንጋ የደገፈችው ረቂቅ ጭራሽ የአረጋውያንን መድኃኒት ዋጋ የሚቀንስ ነበር። አራተኛው ስብሰባው ለምሳ ይቋረጥ አይቋረጥ የሚል ሲሆን፣ ኢንጋ አይቋረጥ ብላ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ዴልፊን ግን አልሳቀችም።

"አምስተኛው እውነት ነው" አለች። "ተቃውማለች። መስኮቱ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኢንጋ፣ እኔ በዚያ ድምፅሽ አልተስማማሁም፤ ለምን እንዳደረግሽው ግን ለእነዚህ ሰዎች ንገሪያቸው። አሁን ይሰሙሻል።"

እውነትም ሰሟት። የሚጎዳትን መስመር ሳይደብቁ የጻፉ እጆች ሌላውን ውሸት ነው ሲሉ ማን ይጠራጠራል? ኢንጋ የአንዱን ድሃ ልብስ ገፍፋ ለሌላው ማልበስ እንዳልቻለች፣ ሁለቱንም የሚያለብስ ረቂቅ ግን ይዛ እንደምትመለስ ተናገረች። ያጨበጨበላት ጥቂት ሰው ነው። ገበሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በምርጫው ኢንጋ በስድሳ ሦስት ድምፅ ብልጫ አሸነፈች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በየካቲት የአረጋውያኑ ቤት ተዘጋና ኦሬል አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና ወደሚያስኬድ ከተማ ተወሰደ። ዴልፊን በዚያ ክረምት በየቀኑ በበረዶ ላይ እየነዳች ምሳውን አበላችው። አንድ ቀን ኢንጋ ልትጠይቃቸው መጥታ አልጋው አጠገብ አገኘቻት። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምራ ነበር፤ ዴልፊን አቋረጠቻት። "ይቅርታሽን ለኔ አታምጪልኝ፤ ያልሽውን ረቂቅ አምጪ" አለቻት። ኦሬል በግንቦት ሞተ። ለዴልፊን አበባ የተላከላት ከብዙ ቦታ ነበር፤ ኢንጋ ግን ራሷ መጥታ ከሬጂ ጋር ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዷ ሆነች።

ረቂቁ ሁለት ዓመት ፈጀ። የአረጋውያን ቤቶችንም፣ ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሴቶችም አብሮ የሚይዝ ሆኖ ሲቀርብ፣ ኢንጋ ዴልፊንን ኦገስታ ድረስ ጠራቻት። የነዳሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች። ላይኛው ሰገነት ተቀምጠን የሠላሳ አምስቱ ሴናተሮች ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ሰማን። ዴልፊን ስም በተጠራ ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ማን እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ቀድማ ታውቅ ነበር። በአንዱ ብቻ ተሳሳተች፤ እሱም ይቃወማል ያለችው ሰው ደግፎ ነው። ረቂቁ በአምስት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከዚያ ኢንጋ ተነስታ፣ ሰገነቱ ላይ የሴንት ኦመር የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበረች ሴት አለች፣ ሃያ ዓመት ድምፃችንን ቆጥራለች፣ ከእኔም አንዱን አላሳለፈችልኝም አለች። ሴናተሮቹ፣ ደጋፊም ተቃዋሚም፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ቆመው አጨበጨቡ። ዴልፊን ስብሰባው ያለቀ መስሏት ቦርሳዋን አንስታ ለመውጣት ተነሳች።

"ቆይ፣ ላንቺ እኮ ነው የተነሱት" አልኳት በጆሮዋ።

ዙሪያዋን አየች፤ ታች ያሉትን አየች። ጀርባዋን ቀና አድርጋ፣ ሁለት እጇን ሰገነቱ አጥር ላይ አሳርፋ፣ ጭብጨባው እስኪያበቃ ድረስ ቆመች። ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ከከተማው ስንወጣ፣ "ሠላሳ አምስቱም ነው የተነሱት፤ ቆጥሬያቸዋለሁ" አለችኝ።