ወደ ጅቡቲ የዞረው አልጋ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በነርስነት ተመርቄ ድሬዳዋ በተመደብኩ በሁለተኛው ወር ነው። ዛሬም የብረት አልጋ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ከሰማሁ ያ ቀትር ይመጣብኛል።

ድሬ በቀትር ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ይቆማል። የወንዶች ክፍላችን ማራገቢያ እንኳ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይንገዳገዳል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ በዚያ ሙቀት ነቅቼ ልሂድ ተኝቼ ልሂድ አላውቅም ነበር።

ከሐርላ መንደር የመጡ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ነፍሳቸው ልትወጣ ደርሳለች። ልጃቸው ሙሚና ወንድሞቿን ልትጠራ ስትነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ካልደረስኩ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሪልኝ አቦ። ዝም ብሎ እንዳይሄድብኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላ ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አፈርኩ። ጸሎት ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይመስለኝ ስለነበር፣ ትንፋሻቸው መቆራረጥ ሲጀምር አልጋቸውን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጎን ይመልሳሉ፤ እኔ ደግሞ አቃናቸዋለሁ። የዋህነቴ!

አጠገባቸው የተኙት አቶ ገብሬ ነቁ። የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ኦፕራሲዮን ተደርገው እንዳይነሡ ታዘው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ያ እኮ የኛ የክርስቲያኖቹ ነው» አሉኝ። «የነሱ በዚህ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ በሚወጣበት። ሠላሳ ዓመት አብረውኝ የሠሩት ሲሰግዱ አይቻለሁ።»

በዚያ በኩል ግን የራሳቸው አልጋ መንገድ ዘግቷል። ይተዉ ብላቸው አልሰሙኝም። በአንድ እጃቸው ቁስላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሁለቱንም አልጋ ተጋግዘን ገፋን። ሽማግሌው ፊታቸው ሲቃና ጣታቸውን አነሡ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሙሚና ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። ያኔ አለቀሰች።

በሳምንቱ ልታመሰግን ጊሽጣ ይዛ መጣች። የአቶ ገብሬ ቁስል አመርቅዞ፣ ያለ ጠያቂ እያጣጣሩ ነበር። ጊሽጣውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የአልጋቸውን ብረት ያዘች።

«የናንተስ ወዴት ነው?» አለችኝ።

አብረን ወደ ምሥራቅ አዞርናቸው።

ቁስላቸውን ያባሰው ያ መግፋት ይሁን አይሁን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ቀድሜ ብጠይቃት ኖሮ ግን ሳትሄድ እኔና ሙሚና አልጋውን እናዞረው ነበር፤ አቶ ገብሬም ባልተነሡ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሙሚና እኔ ያፈርኩበትን ጥያቄ ሳታፍር ጠየቀችኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እኔም የእያንዳንዱን በሽተኛ ቤተሰብ እንደሷ ስጠይቅ ኖርኩ።