በእኔ ስም የተከፈተው ካርድ

ሮቤ ውስጥ በአንድ ሕክምና ቤት መዝገብ ላይ «መናገር አቁማ ነበር፣ ድናለች» ተብሎ የተጻፈው ስለ እኔ ነው። የሕክምና ቤቱን ስም አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ መናገር አቁሜ አላውቅም። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር። መናገር ያቆመችው የስድስት ዓመቷ የልጄ ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ መዝገቡ ላይ የለችም። ይህ በደል እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

እናቷ ለሥራ ወደ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ልጅቷ ቃል አልወጣትም። ትታጠባለች፣ የላኳትን ታመጣለች፣ ስትጠራ ትመጣለች፤ አፏ ግን እንደ ተሰፋ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ቁርኣን አስቀራንላት። ትምህርት ቤት ሄጄ መምህሯን «ይቺ ልጅ አንድ ነገር ሆናለች» ብለው፣ «ኧረ እማማ፣ እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ የለኝም!» አለኝ። በሥነ ምግባር አንደኛ ብሎ ደብተር ሸልሟታል። ሰባ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ዝም የምትል ልጅ ብትገኝ ለምን ታሳስበዋለች?

ይዣት ሕክምና ቤት ሄድኩ። ሕፃናት ክፍል ጉሮሮዋንና ጆሮዋን አይተው «ይህ የአእምሮ ነው» አሉና ወደ ካርድ ክፍል መለሱን። የካርድ ክፍሉ ልጅ አንገቱን ነቀነቀ።

«የአእምሮ ክፍል ለሕፃን ካርድ አይከፍትም፣ እማማ። ቅጹ ራሱ ያገባች ያላገባች፣ ሥራዋ ምንድን ነው፣ ይላል።»

«ሥራዋ ዝም ማለት ነው ብለህ ጻፍ!»

ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ ጉድ ያመጣብኝም ደግነቱ ነው። «በቃ፣ በእርስዎ ስም ልክፈተው። ሕመሙን የሷን እጽፋለሁ። ውስጥ ሲገቡ ያስረዷቸዋል» አለኝ። የጻፈው በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። እኔ ደግሞ ማንበብ የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከሀ ሁ ውጭ አላውቅም። ምን እንዳለ ሳላይ ፈረምኩ።

ተረኛው ነርስ ሰላም ስለው ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። የውጭው ሰልፍ እስከ አጥሩ በር ደርሷል።

«እንደገና መናገር ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከተወለድኩ!»

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ልጄ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ መምህሩና ስለ ሽልማቱ ደብተር። እሱ ይጽፋል። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ይቺስ?» አለ በመጨረሻ ቀና ብሎ። «አስታማሚዎ ናት?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጣዩን ጠራ። በሳምንቱ ተመልሼ ብመጣ የካርድ ክፍሉ ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ካርዱ ተዘግቷል። በደንብ ይናገራሉ፣ ድነዋል ይላል።»

«መች ታመምኩና!»

«ካልታመሙ እንዴት ዳኑ?»

«እሱን የጻፈውን ጠይቀው!»

«ዛሬ የለም። ሕመሙ ካገረሸብዎት ግን እንደገና ይከፈታል።»

«ምን ስሆን?»

«ዝም ሲሉ ነዋ።»

ዝም አልኩ። ልጅቷን ይዤ በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ከንፈሬን ገጠምኩ። ወላሂ፣ ዘጠኝ ልጅ ከመውለድ ይከብዳል። ከጊኒር የመጣች የማውቃት ነጋዴ «አካም ጂርቱ?» ብላ ደህንነቴን ብትጠይቀኝ በጭንቅላቴ ብቻ መለስኩላት፤ ደንግጣ «ምን ነካቸው?» እያለች ሰውን ትጠይቅ ጀመር። እዚያው ለሕክምና የመጡ ሁለት ጎረቤቶቼ በተራ መጥተው ግንባሬን ዳሰሱኝ። የካርድ ክፍሉ ልጅ መስኮቱን ትቶ ወጣ። «እማማ፣ ቀልዴን እኮ ነው፣ በአላህ ይናገሩ!» አለ። አልተናገርኩም። እናንተ ያወጣችሁት ሕግ ነው፤ እንግዲህ ፈጽሙት።

ወደ ረፋዱ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከጎባ የምትመጣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ኮሪደሩን አቋርጣ ስታልፍ አየችን። ሰዉ ስለ እኔ ሲነግራት ሰማችና ቆመች። ያየችው ግን እኔን አልነበረም፤ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

ያኔ ልጅቷ ሻሼን ሳብ አድርጋ አፏን ጆሮዬ ውስጥ ከተተች። አኮ ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው።

«አኮ» አለች፣ እንደ ትንፋሽ። «አንቺም መንገድ ላይ ሰው አለሽ?»

ሻሼን ሳላስተካክል ብድግ አልኩ። ነርሷም ሰምታ ኖሮ ሁለታችንን ወደ ክፍሏ አስገባችን። «እማማ፣ እናቷ የሄደች ዕለት ምን አሏት?» አለችኝ።

ሁሉም ሰው የሚለውን ነው ያልኳት። እኛ ዘንድ አረብ አገር የሚሄድ ሰው ጉዞው አይወራም፤ ወሬው ከቀደመው መንገዱ ይበላሻል እንላለን። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጅቷን በሁለት እጄ ፊቷን ይዤ፣ «እናትሽ እስክትደርስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ አፍሽን ከከፈትሽ አትደርስም» አልኳት።

«ደረሰች?»

«አልሃምዱሊላህ! በሦስተኛው ሳምንት በሰፈራችን ሱቅ ስልክ ደወለችልኝ። ሰደቃ አወጣሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ መርቆ በላ።»

«ይቺስ ልጅ የት ነበረች?»

ትምህርት ቤት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልም፣ ለማትናገር ልጅ ስልክ ምን ያደርግላታል ብለን አቀብለናት አናውቅም። ይህንን ስናገር ድምፄ እየወረደ መጣ። እንደዚያ ወርዶ አያውቅም።

«እንግዲህ መድኃኒቷ ምንድን ነው?» አልኳት።

ነርሷ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች።

«መጀመሪያ እናቷ መድረሷን ይንገሯት፤ አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚያ በየሐሙሱ ያምጡልኝ። አምስት ወር የጠበቀችውን በአንድ ቀን አትለቀውም።»