በቦቴ የገባ ስለት

የውሃ ቦቴ ሾፌርነት የጀመርኩት ቡራዩ፣ ኦቦ ገመቹ ግቢ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ታንኩ ላይ አወጣኝና ክዳኑን አሳየኝ። «የላዩን ክዳን ሳትከፍት የኋላውን ቫልቭ እንዳትነካ። ታንኩ አየር አጥቶ ይጨማደዳል፤ ያኔ አንተንም አጨማድድሃለሁ» አለኝ።

ይህን እያለኝ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ግቢው ውስጥ ገባች። ማንም አልጠራትም።

«ኦቦ ገመቹ፣ ይህ የስለት ልጅ ነው» አለችው። «ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል የተሳልኩት ነው። እኔ የማውስህ እስኪጠራ ድረስ ብቻ ነው።»

ኦቦ ገመቹ ከታንኩ ላይ ቁልቁል እያያት «መንጃ ፈቃዱስ? እሱም የስለት ነው?» አላት።

«እሱ የመንግሥት ነው» አለች። ቁልፉ ተሰጠኝ።

እናቴ ልጅ እምቢ ብሏት ኖሮ ለአጥቢያችን ታቦት ተስላ ነው ያገኘችኝ። «ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ዲያቆን አደርግልሃለሁ» ብላ። ታቦቱ የድርሻውን አደረገ፤ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ገና በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ወሰደችኝ። የኔታ ዜማዬን ጥቂት ታግሰው ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ይሰማል፤ እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ» ብለው መለሱኝ።

ሾፌር ከሆንኩ በኋላ ደግሞ በጥምቀት ታቦቱ ፊት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች ጋር አስገባችኝ። ሩጫ እንጂ ዜማ አይጠይቅም። ጥቅሉን ተሸክሜ ስሮጥ አስፋልቱ ጋ ስደርስ እግሬ የለመደውን መንገድ ያዘ፤ ወደ ጉድጓድ ውሃ መቅጃው የሚወስደውን። መዘምራኑ ምንጣፉን እያዩ እየዘመሩ ተከተሉኝ። የመቅጃው ዘበኛ ከበሮውንና ሕዝቡን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ «ተራ ያዙ! ጄሪካን ያልያዘ አይሰለፍም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ አላስነኩኝም።

ሰበታ ለፋብሪካ፣ ሱሉልታ ለግንባታ ውሃ እያመላለስኩ ዓመታት አለፉ። እናቴ አረጀች። «ስለቴን ሳላስገባ ብሞት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ትለኝ ጀመር። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። እኔ ደግሞ ጥሪው በየት በኩል እንደሚመጣ ስለማላውቅ መሪዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

አንድ ዓመት በከተራ ዕለት ለሱሉልታ ውሃ ሞልቼ ስነሳ መንገዱ ለታቦቱ ተዘጋ። ቦቴውን ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ዳር አቁሜ እዚያው አደርኩ። ጠዋት ካህናቱ ውሃውን ሊባርኩ ሲመጡ ገንዳው ባዶ ነው። ታቹ ተሰንጥቆ፣ ውሃው ሁሉ መሬት ገብቷል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞልቶታል። የገፈርሳ ግድብ ቅርባችን ነው፤ ጠጪው ግን አዲስ አበባ ነው፣ ዘበኛም አለው።

የነፍስ አባታችን አባ ሐዲስ ዓይናቸውን አዟዟሩና ቦቴዬ ላይ አሳረፉት።

«ያ ውሃ ንጹሕ ነው?»

«የተጫነው ለአርማታ ነው፣ አባ። ግን የጉድጓድ ውሃ ነው፤ እኔም እጠጣዋለሁ።»

ካህናቱ ቦቴውን ከበቡት። ጸሎቱ ደረሰ። አባ በመሰላሉ ወጥተው መስቀሉን በክዳኑ በኩል ነከሩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልቀቀው!» አሉኝ። የኋላውን ቫልቭ ከፍቼ፣ ፓምፑን አስነስቼ ቱቦውን ወደ ሕዝቡ አዞርኩ። እልልታው ሰማይ ነካ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ግማሽ ታንክ ሲቀር ኦቦ ገመቹ ደወለ። ሱሉልታ ፎርማኑ አርማታ ሊሞላ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

«ኦቦ፣ ውሃው ተባርኳል።»

«ተባርኳል ማለት ተሸጧል?»

«ጠበል ሆኗል።»

ኦቦ ገመቹም ጾመኛ ሰው ነው፣ ጠበል አይደፍርም። «ያ ዋቃዮ!» ብሎ አምላኩን ጠራ። «ሁሉም ነው ወይስ የላይ የላዩ?»

ወሬው የሕንፃው ባለቤት ጋ ደረሰና ሰውዬው ራሱ ደወለልኝ። የሚያሠራው የመጠጥ ግሮሰሪ ነው። «ይምጣልኝ! ወለሉ ይባረክ፣ ደንበኛ ይበዛልኛል» አለ። አባ ሐዲስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ልጄ፣ ሰካራም ጠበል ላይ እንዲተፋ ነው?» ብለው ዘጉበት።

የቀረው ለሕዝቡ ታደለ። ጄሪካን የሌለው በፌስታል ቀዳ። ችግሩ ታንክ ሙልጭ ብሎ አያልቅም፤ ታቹ ሁልጊዜ ጥቂት ይቀራል። ላጥበው ከመቅጃው በጄሪካን ንጹሕ ውሃ አስመጥቼ ጨመርኩበት፤ እሱም ከጠበሉ ተቀላቅሏልና ጠበል ነው ተብሎ ተቀዳ። ደግሜ አጠብኩ፣ ደግመው ቀዱ። ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ኦቦ ገመቹ በባጃጅ መጥቶ ይህን ሲያይ ራሱን ይዞ «በዚህ ዓይነት እስከ ፋሲካም ሱሉልታ አንደርስም» አለ።

በመጨረሻ አባ ወሰኑ። ታንኩ በጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይጨመቅ። ጥምጣማቸውን ከሕዝቡ መካከል ለነበረችው እናቴ አስያዙና በክዳኑ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

እዚያ ውስጥ ተንበርክከን ስንወለውል የልቤን አወጣሁ። «አባ፣ እኔ ዲያቆን መሆን ፈልጌ አላውቅም። ግን እናቴ ቃሏን ሳትፈጽም እንዳትሄድ እፈራለሁ። ጥሪ የሚባለው ምን ዓይነት ነገር ነው? እስከ ዛሬ ምንም አልሰማሁም።»

አባ እጃቸውን ሳያቆሙ «ልቀቀው ስልህ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ቫልቩ ጋ።»

«ለሚመጣው ዓመትስ?»

«እዚያው እቆማለሁ። ማንም ባይለምነኝም እመጣለሁ» አልኩ። አለቀስኩ።

ለካ ባዶ ታንክ ድምፅ ያጎላል። የተናገርነው ሁሉ በክዳኑ ወጥቶ ለሰልፈኛው ተሰምቷል። ከውጭ እናቴ ታንኩን በምርኩዟ ደበደበችው።

«ውጡ! ሰምቻለሁ!»

ብቅ ስል ጥምጣሙን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ ቆማለች። ነጠላ የላትም። ትክ ብላ አየችኝ።

«ታቦቱ ልጅ ሰጠኝ እንጂ ዲያቆን አላለኝም። ዲያቆን ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስለቴ ገብቷል። ግን የውሃውን ግፊት ቀንስ፤ ነጠላዬን ወስዶ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅሎታል።»

ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞረች። «ኦቦ ገመቹ፣ ልጁን አልወስድብህም፤ ይቅርልህ። በጥምቀት ግን ከነመኪናህ እወስደዋለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ሰልፉን አየ፣ አባን አየ፣ ምርኩዟን አየ። «እሺ፣ እማማ» አለ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ጥምቀት አይታ፣ ያለ ስጋት አረፈች። እኔም መሪ እስከለቀቅኩበት ዓመት ድረስ አንድም ጥምቀት አልቀረሁም።

ዛሬ ቦቴ ለያዛችሁ ልጆች የምለው ይህ ነው፦ ለጥምቀት የሚወጣ ቦቴ ከዋዜማው ይታጠባል፤ ሌላ ጭነት አይያዝለትም፤ ፓምፑም ግማሽ ግፊት ይበቃዋል።