ከመስመሩ ወዲህ

ሥራዬን የሰማ ሁሉ ሄሊኮፕተር የማበርር ይመስለዋል። ማስረዳቱም ታክቶኛል። እኔ ከታች ነኝ፤ ሄሊኮፕተሩ በረጅም ገመድ አንጠልጥሎ የሚያመጣውን ብረት ተቀብዬ ከመንጠቆው እፈታለሁ። ሳይነጋ ከቡራዩ ተነስቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሱሉልታ ስደርስ ሥራ ሳልጀምር ደክሞኛል።

ያን ሰሞን መኪና የማይወጣው ተራራ ላይ ለሚተከል የኔትወርክ ታወር ብረት እናጓጉዝ ነበር። ቦታውን የሚጠብቁት የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመርኩና ሄሊኮፕተር ሲመጣ ከዚህ እንዳያልፉ ነገርኳቸው። የተንጠለጠለ ብረት በእጅ አይነካም፤ ጫፉ ላይ በታሰረ ገመድ ከሩቅ ይመራል እንጂ፤ ንፋስ ከወዘወዘው ሰው ይጨፈልቃል አልኳቸው። እሺ አሉኝ፤ ሳምንቱን ሙሉም ከመስመሩ ውልፍት አላሉም።

አርብ ከሰዓት የመጨረሻው ጭነት ሲመጣ ንፋስ ተነስቷል። አብራሪውን በሬዲዮ ተመለስ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከተመለሰ ቅዳሜም ልመጣ ነው፤ ወገቤ ደግሞ አንድ ቀን መጨመር አልፈለገም። ብረቱ እየዞረ ወረደ። ገመዱን እየተከተሉ መሮጡ ታከተኝና በሁለት እጄ ገፋሁት።

እኛ ዘንድ ሰው ከሸክም ጋር ሲታገል ቆሞ ማየት ነውር ነው። መንገደኛ እንኳ ጠጋ ብሎ ያወርዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት ግን በእኔ ሥራ ሰው ይገድላል። በሞተሩ ጩኸት የሽማግሌውን መምጣት አልሰማሁም፤ ያወቅሁት እጃቸውን ከእጄ አጠገብ ሳይ ነው። ብረቱ ተወዛወዘና ቀኝ እጃቸውን ቀድሞ ከወረደው ብረት ጋር አጣበቀው።

ሦስት ጣታቸው ተቆረጠ።

ሰኞ አለቃዬ ነገሩን ሊያጣራ ሆስፒታል ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ለምን መስመሩን እንዳለፉ ጠየቃቸው። እኔ ወለል ወለሉን አያለሁ። ብረቱን በእጄ መግፋቴን ከተናገሩ እንጀራዬ አለቀ።

"ልጁ ከልክሎኝ ነበር" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

አለቃዬ ጽፎ ወጣ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ልከተለው ስል ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ልብሴን ያዝ አደረጉኝ።

"እንግዲህ ማን ያግዝሃል ልጄ?" አሉኝ።

መታገዝ የለብኝም፣ ኦቦ፣ ማለት አቃተኝ።