«ተመልሷል» ተብሎ የተጻፈው ማሽን

ወይዘሮ ራቢአ የህያ ሸምሰዲን ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ የቦሎቄ ማበጠሪያ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍልን ጠብቀዋል፤ ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። መጋዘናቸው በየዓመቱ ሲቆጠር ጉድለት የተገኘበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ኩሽኔታ ነበር። ዋጋውን ከደመወዛቸው አስቆርጠው ከፈሉ። ከስምንት ወር በኋላ ኩሽኔታው ከአሮጌ ጆንያ ሥር ሲገኝ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ አላሉም፤ «ትርፍ፣ አንድ» ብለው መዘገቡት።

ሕጋቸው አጭር ነው። ዕቃ የወሰደ ሰው ይፈርማል፤ ማታ ሲመልስ ራቢአ ዕቃውን በዓይናቸው አይተው «ተመልሷል» ብለው በእጃቸው ይጽፋሉ። ሳያዩ አይጽፉም። ከዚህ ሕግ ያመለጠ ሰው የለም፤ ከሁሉም ሠራተኛ አብልጠው የሚወዷት ትጊ እንኳ አላመለጠችም። ትጊ የሃያ ስድስት ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከቡራዩ እየተመላለሰች ትሠራለች። በዝናብ ወራት ጭቃውን የምትሻገርበትን ቦት ጫማ ራቢአ በእግሯ ልክ ፈልገው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ያቆዩላታል። በየቀኑ ግን ያስፈርሟታል።

«እትዬ፣ ይሄን ቦት ይዤ የት እጠፋለሁ? ቁጥሩ እኮ ሠላሳ አምስት ነው፤ ከእኔ ሌላ የማንም እግር አይገባበትም።»

«እግርሽን መቼ ጠየቅሁሽ? ፊርማሽን ነው። ፈርሚ።»

አምና ድርጅቱ ከማጓጓዣው በላይ ካሜራ ተከለ። ካሜራው የተሰበረውንና ነቀዝ የነካውን ቦሎቄ ከደህናው እንዲለይ ማስተማር የትጊ ሥራ ሆነ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማስተማር የሚያስፈልገው ማሽን ግን ድርጅቱ በአቅሙ የሚገዛው አልነበረም፤ ስለዚህ ባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ በኢንተርኔት ተከራየ። ክላውድ የሚባለው ይህ ነው። ራቢአ የግዢ ኮሚቴ አባል ስለሆኑ ውሉን ቁጭ ብለው አነበቡት። ድርጅቱ ቢጠቀምም ባይጠቀምም በየወሩ የማይቀር ክፍያ አለ። በተጠቃሚ ሰው ቁጥር የሚታሰብ አለ። ምስል ወደ ማሽኑ ማስገባት በነጻ ነው፤ ከዚያ ማውጣት በዋጋ። ማሽኑ ራሱ ደግሞ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ፣ ይሥራም ይቦዝንም፣ በሰዓት ሠላሳ ሁለት ዶላር ይቆጥራል።

«ዕቃው የሚቀመጠው የት ነው?» ብለው በስብሰባው ላይ ጠየቁ።

«ውጭ አገር ነው፣» አላቸው ሥራ አስኪያጁ ቀጄላ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ፈጣንና ደግ ሰው።

«ታዲያ ምን አይቼ ነው ገቢ የማደርገው?»

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ ራቢአ! ይሄ እኮ አይታይም።»

«የማይታይ ከሆነማ የባሰ ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ ኦቦ ቀጄላ።»

ኮሚቴው ሳቀ። እሳቸው ግን ከደብተራቸው አንድ ገጽ ከፍተው «የማይታይ ማሽን፣ አንድ» ብለው መዘገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትጊ በየማታው ማሽኑን ትዘጋለች፤ ራቢአ መነጽራቸውን ሰክተው በስክሪኑ ላይ «ቆሟል» የሚለውን ምልክት ያያሉ፤ አይተው ይጽፋሉ። ሰባት ወር ሙሉ ክፍያው ከታሰበለት ዝቅ ብሎ ሰነበተ። የሳቁትም ማሾፉን ተዉ።

በዚያ አካባቢ መብራት ሲሄድ ሰው የሚያደርገውን ሁሉም ያውቀዋል። ሞተሩ ይቆማል፤ ወንፊቱ ይቆማል፤ ሰውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል። የሚዘጋ ነገር አይኖርም፤ መብራት ኃይል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘግቶታል። ይህ እምነት ራቢአን ለሠላሳ አንድ ዓመት አሳስቷቸው አያውቅም ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ፣ የአረፋ ዋዜማ ነበር። ዓርብ በዓል ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ተከትለውት ይመጣሉ። ሰበታ ቤታቸው በር ላይ በጉ ታስሯል፤ ከሱሉልታ የሚመጡት የልጅ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩ በዝናብ እንደ ጠቆረ፣ ከማበጠሪያው አዳራሽ «ሄደ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«እትዬ፣ ማሽኗን ሳልዘጋት እኮ ነው የሄደው፣» አለች ትጊ፣ በጠቆረው ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠች።

«ምኑን ትዘጊያለሽ? ራሱ ዘግቶታል። ተነሽ፤ ወንዲ ክላክሱን ሊያቃጥለው ነው።» ወንዲ የሠራተኛውን ሰርቪስ የሚነዳው ነው።

ትጊ ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩም ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። «እሺ፣ ከሰርቪሱ ወርጄ ታክሲ ውስጥ እሞክራለሁ።»

«ሞክሪ። አሁን ዒድ ሙባረክ በይኝና ሂጂ።»

«ዒድ ሙባረክ፣ የኔ እትዬ! ከበጉ ላይ ለእኔም አስቀሩልኝ።»

«ካስፈረምኩሽ በኋላ።»

እየሳቀች ጉንጫቸውን ስማ ሮጠች። ራቢአ የስልካቸውን መብራት አብርተው ደብተሩን ከፈቱ፤ ከ«የማይታይ ማሽን» ትይዩ «ተመልሷል» ብለው ጻፉ፤ በሩን ቆለፉ።

ታክሲ ውስጥ ማንም አልሞከረም። ትጊ ታክሲ ጥበቃ ቆማ፣ ተጋፍታ፣ በዝናብ ርሳ ቡራዩ ስትደርስ ነገሩ ከሐሳቧ ወጥቶ ነበር። ማሽኑ የተሰጠውን ሥራ በዚያው ምሽት ጨርሶ፣ ባሕር ማዶ መብራት በማይጠፋበት ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ቆመ። ቆጣሪው ግን አልቆመም። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ትጊ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ሰማንያ ሰባት ሰዓት ቆጥሮ ጠበቃት። ወደ ብር ሲመነዘር ከሦስት መቶ ሰባ ሺህ ይበልጣል፤ የእሷ የሃያ ወር ደመወዝ ነው።

ቀጄላ አልጮኸም። የጉድለት ቅጽ አውጥቶ ለራቢአ ሰጣቸው፤ ጉድለት የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸውና። «ዓርብ ቦርዱ ይሰበሰባል፤ አንድ ስም ይፈልጋል። ስሙ የተጻፈው ሰው ከሥራ ይሰናበታል። በእኔ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ናት።»

ራቢአ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ ደብተሩን ገለጡ። የሐሙስን መስመር አዩት። በስልክ ብርሃን ስለ ተጻፈ ጥቂት ዘመም ብሏል እንጂ የገዛ እጃቸው ጽሕፈት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳያዩ የጻፉት ያ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሩን ይዘው ወደ ቀጄላ ቢሮ ገቡ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ቀጄላ፣» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉት።

«ነጋ፣ እትዬ። ቅጹን ሞሉልኝ?»

«መጀመሪያ ይህን ያንብቡ።»

አነበበና ቀና አለ። «ይሄ የእርስዎ ጽሕፈት ነው።»

«የእኔ ነው። ሳላይ ጻፍኩት። ልጅቷ አልዘጋሁም አለችኝ፤ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት።»

ቀጄላ ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነው። «ይሄን ደብተር ከእኔና ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቅ የለም። ማሽኑ መጋዘንዎ ውስጥ አልነበረም፤ የይለፍ ቃሉም በእጅዎ የለም። እሞክራለሁ ብላ የረሳችው እሷ ናት፤ ራሷም አምናለች። እትዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረዎት!»

«አውቃለሁ። የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

ከዚያም የውሉን ቅጂ ከብብታቸው አውጥተው አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። «ወጪው እዚህ ሲደርስ ማሽኑ በራሱ ይቁም የሚል ቦታ አለ። መጠኑን የሚሞላው ሥራ አስኪያጁ ነው ይላል። ባዶ ነው።»

«ቦሎቄ ወደ ውጭ በምንጭንበት ሰሞን ሥራ መሐል እንዳይቆምብን ብዬ ነዋ…»

«ብለው ባዶ ተዉት፣» አሉ ራቢአ። ቀጄላ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትጊ ንብረት ክፍል መጣች። ቦት ጫማዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልታ ይዛለች።

«ላስረክብ ነው፣ እትዬ።»

«ክረምቱ ገና ሊገባ ነው። ማን መልሺ አለሽ?»

«ለኦቦ ቀጄላ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ የእኔን ስም ይጻፉ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ ስምዎ እንዲነሣ አልፈልግም።»

«ስለ ስሜ አንቺ ትነግሪኛለሽ? ይልቅ ቦቱን አድርጊ፤ ደጁ ጭቃ ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የትናንቱ ይበቃል።»

ትጊ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ቦቱን አጥልቃ ወጣች። ራቢአ ከቦት ጫማው ትይዩ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ቅጹን ከፊታቸው ዘረጉ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ብዕራቸውን ከፈቱ። ቀኑን ጻፉ፤ ሰማንያ ሰባት ሰዓት ብለው ጻፉ፤ የገንዘቡን መጠን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ። የቀረው «ለጉድለቱ ኃላፊ የሆነው ሰው ስም» የሚለው መስመር ነው። መስመሩ አንድ ነው፤ ከአንድ ሰው ስም በላይ አይይዝም። ውጭ ወንዲ ክላክሱን መንፋት ጀምሯል፤ ራቢአ ግን በዚህኛው ሐሙስ አልቸኮሉም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ መስመር ላይ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?