እርጥበቴ ሲቀነስ

እናቴ «ቡናውን አንቺ ይዘሽው ስትሄጂ ይቀላል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እዚህ ኢዲዶ ቀበሌ፣ እሸት ቡናችንን ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ሳደርስ መዛኙ ክብደቱን ጮክ ብለው ይናገሩና ለጆንያው፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ለእርጥበቱ ይቀንሳሉ። ሌላው ገበሬ እዚህ ላይ ይከራከራል። ዝም ቢባሉ መዛኙም ቅር የሚላቸው ይመስለኛል። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ «እሺ ጋሼ» ብዬ እመለሳለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም ድምፄን የሰማ ብዙ አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ሌላ ፍጥረት ናት። ዲላ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አምና በለቀማ ወቅት «እትዬ፣ እትዬ» እያለች ገባች። እትዬ የምትለኝ ስትፈልገኝ ብቻ ስለሆነ መጥረጊያዬን አስቀምጬ ጠበቅኋት።

የባዮሎጂ መምህሯ የሰው አካል ስንት ህዋስ እንዳለው ገምታችሁ አምጡ ብለዋቸዋል። ያለፈውን የቤት ሥራ ከስልክ ስትቀዳ ይዘዋት ዜሮ አግኝታለች። ይህኛውም የስልክ ከሆነ ትምህርቱን ትወድቃለች። ከቤታችን ትምህርቷን የቀጠለች እሷ ብቻ ናት።

«ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም» አለችኝ። «የአንድ ህዋስ ክብደት በግምት መጽሐፉ ላይ አለ። የሰውየውን ክብደት ለእሱ ማካፈል ነው።»

«የራስሽን አካፍዪያ።»

«ክፍሉ በሙሉ ኪሎዬን ሊሰማ? አንቺን ማንም አያውቅሽም።»

ሰው የሚችል ሚዛን ያለው ማጠቢያው ጋ ነው። ወጣሁበት። መዛኙ እንደ ልማዳቸው ክብደቴን ለግቢው በሙሉ አሰሙት፤ ቡናው የሚሰጣባቸውን አልጋዎች ከበው ብልሹውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ቀና አሉ።

«የጆንያ ስንት ልቀንስ?» አሉ መዛኙ።

«ሻርፗንና ኮንጎ ጫማዋን ቀንሱላት» አለች አንዷ።

«ለእርጥበትስ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆመች። «እውነትዎን ነው ጋሼ። ከሰው ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው ብለውናል። ውሃ ደግሞ ህዋስ አይደለም።»

መዛኙ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ። በሙያቸው ከሳይንስ ጋር መጀመሪያ የተገናኙት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

«እሷን ፀሐይ ላይ ብናሰጣት ምን ይተርፋታል?» አለች አንዷ ለቃሚ።

«ዓይኗ» አለች ሌላዋ።

እህቴ ከግማሽ በላይ ቀነሰችኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወረድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አኩርፋ መጣች። መምህሩ ስሌቱን ክፍሉ ፊት አንብበው «በዚህ ግምት እህትሽ ከደረቀች ቆይታለች» ብለዋታል። ለካ ውሃው አብዛኛው እዚያው ህዋሶቹ ውስጥ ነው፤ እሱ ከወጣ ህዋስም የለም። ህዋሶቹም እኩል አይደሉም፤ የደሙ ጥቃቅን ሆነው በቁጥር ይበዛሉ፤ ስለዚህ ጥሩው መልስ እንኳ ግምት ነው። ቢሆንም «እንዲህ ያለ ስህተት ስልክ አይሳሳትም፤ የራስሽ ሥራ ነው» ብለው እስከ ሰኞ አስተካክላ እንድታመጣ ፈቅደውላታል።

ችግሩ ሙሉ ክብደቴን የያዘ ሰው አለመኖሩ ነው። እህቴ የጻፈችው የተጣራውን ነበር። መዛኙም ስንጠይቃቸው «እኔ የማስታውሰው የተጣራውን ነው» አሉ።

ደግሜ ወጣሁ። ከኋላዬ ገበሬዎች ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። መዛኙ ክብደቴን ጠሩና ቀጥለው ትንሽ አሰብ አደረጉ። ያ ማሰባቸው ምን እንደሚያመጣ አውቀዋለሁ። እህቴን አየኋት፤ እስክሪብቶውን ደግማ ነክሳዋለች።

«አይቀነስም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይቀነስም ጋሼ። ውሃውም የኔ ነው።»

ለቃሚዎቹ እጃቸውን አቆሙ። መዛኙ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ኮንጎ ጫማውስ?»

«እሱን ይቀንሱ።»

ከኋላዬ ያለው ገበሬ ጆንያውን መታ መታ አደረገ። «ሰምተዋል ጋሼ? ውሃውም የኛ ነው።» ያን ቀን ሰልፉ እስኪያልቅ መዛኙ ሌላ ቃል አልሰሙም።

እህቴ አለፈች። ወሬው እቤት ቀድሞኝ ደርሶ ስለነበር፣ እናቴ በሳምንቱ ቡናውን ስታሸክመኝ ገመዱን አጠበቀችና «ውሃውንም አስመዝነሽ ነይ» አለችኝ።